ሰርቨር ሲንቀራፈፍ፦ ቶፕ ወይስ ኤችቶፕ?

የሊኑክስ ሰርቨር ድንገት ሲንቀራፈፍ የመጀመሪያው ጥያቄ ፕሮሰሰሩን ማን ያዘው የሚለው ነው። ከተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ ከምንሰጥበት መስኮት) ሳንወጣ መልሱን የሚሰጡን ቶፕ (top) እና ኤችቶፕ (htop) የተባሉት ፕሮግራሞች ናቸው።

በ2004 የወጣው ኤችቶፕ ለዓይን ደስ ይላል። እያንዳንዱ ኮር (ራሱን ችሎ የሚሠራ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳይ የራሱ አግዳሚ መስመር አለው። አረንጓዴው የተራ ፕሮግራሞች ሥራ ነው፣ ቀዩ የከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል። ያስቸገረውን ፕሮግራም በቀስት መርጦ በኤፍ 9 መዝጋት ይቻላል። ለጀማሪ ያለማመንታት የምመክረው እሱን ነው።

ቶፕ መልኩ ደረቅ ነው፤ ግን አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ሳንጭነው እናገኘዋለን። 1 ቁጥርን ስትጫኑ ኮሮቹን ለየብቻ ይዘረዝራል። አንድ ፕሮግራም 250 በመቶ ወሰደ ቢላችሁ አትደንግጡ። 100 በመቶ ማለት የአንድ ኮር ሙሉ አቅም ነው፤ ስለዚህ ባለ 4 ኮር ማሽን ላይ እስከ 400 ሊደርስ ይችላል። ኤችቶፕም የሚቆጥረው እንደዚሁ ነው።

እኔን ወደ ቶፕ የሚመልሰኝ ግን ከላይ ባለው የፕሮሰሰር መስመር ላይ «ደብሊው ኤ» (wa) ተብሎ የሚታየው ቁጥር ነው። እሱ ከፍ ካለ ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ዲስኩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ያኔ ፕሮሰሰር በላ ያላችሁትን ፕሮግራም ብትዘጉም ለውጥ የለም፤ ዲስኩን ማየት ነው። ኤችቶፕ ይህን ለይቶ የሚያሳየው ሴቲንጉን ስትቀይሩለት ብቻ ነው።

ደግሞም ቶፕን በባች ሞድ (ሰው ሳይነካው ውጤቱን በተራ ጽሑፍ በሚያወጣበት ሁኔታ) አስነስቶ ውጤቱን ወደ ፋይል መላክ ይቻላል። ሌሊት ላይ ለሚከሰት ችግር ክሮን (ሥራን በተቀጠረለት ሰዓት በራሱ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ አስገብታችሁት ትተኛላችሁ፣ ጠዋት ታነቡታላችሁ። ኤችቶፕ ይህ የለውም።