ለከተማ ዳር ግቢ የሣር ማጨጃ፦ ቤንዚን ወይስ ባትሪ?

ከአፓርታማ ወጥቶ ከተማ ዳርቻ ግቢ ያለው ቤት የገባ ሰው ብዙ ሳይቆይ «የትኛውን የሣር ማጨጃ ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። መሀል ከተማ ሳለ ሣሩ የመናፈሻው ነበር፤ አሁን በየሳምንቱ የራሱ ሥራ ሆኗል። ሰፈሩ ጸጥ ያለ፣ አጥሩም ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ የአንዱ ሞተር ጩኸት ለሁሉም ይደርሳል። ሣራችሁ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ባትሪውን ግዙ። ግን ዋጋውን በደንብ አስሉት።

የቤንዚኑ መግዣ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፤ ወጪው የሚመጣው ኋላ ነው። ሞተሩ ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ይይዛል። አዲስ ከሆነ ከ5 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ25 እስከ 50 ሰዓቱ ይቀየራል። ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ጨምሩበት። ጋራዥ በብዛት የሚያስኬደው ግን ያረጀ ቤንዚን ነው። ከአንድ ወር በላይ ተቀምጦ የከረመ ነዳጅ እየተነነ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይተውና ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ያለውን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ገመዱ ቢሳብ ቢሳብ ሞተሩ አይነሳም። «ካርቡሬተሩ ይቀየር» ከመባሉ በፊት ከሥሩ ያለችውን ሳህን ፈትቶ በማጽጃ ማጠብ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ኮፒ ካርቡሬተር ዋጋው ያጓጓል፤ ቀዳዳዎቹ ልክ ስላልሆኑ ግን ሞተሩ ከፍ ዝቅ እያለ ይሠራል፣ የእጅ ዋጋም ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ምላጩ ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ከመታ ደግሞ ፍላይዊሉን (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ መዘውር) በቦታው የያዘችው ትንሽ የብረት ሽብልቅ ትቆረጣለች። እሳቱ ያለጊዜው ስለሚሰጥ ገመዱ እጅን መልሶ ይጎትታል። ሽብልቋ ርካሽ ናት። ምላጩን የሚያዞረው ዘንግ ከተጣመመ ግን ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ የጥገናው ዋጋም ወደ አዲስ ማሽን ዋጋ ይጠጋል። ለማጽዳት ስታጋድሉት ካርቡሬተሩና የአየር ፊልትሮው ያሉበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። አለዚያ ዘይቱ ፊልትሮው ውስጥ ይገባና ሲነሳ ነጭ ጭስ ያወጣል።

ባትሪው ከዚህ ሁሉ ይገላግላል፤ ገንዘባችሁ ያለው ግን ባትሪው ላይ ነው። በቮልት አትወዳደሩ። «40 ቮልት» የሚባለው አብዛኛው በ10 ሴል (ባትሪው ውስጥ በተደረደሩ ትናንሽ ባትሪዎች) የተሠራ 36 ቮልት ነው፤ 40 ገደማ የሚሆነው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ነው። የሚታየው ዋት ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው፦ 36 ቮልት ሲባዛ በ4 አምፔር ሰዓት 144፣ በ5 ደግሞ 180 ይሆናል። የባትሪውን ዋጋ ለዚህ ቁጥር አካፍላችሁ አወዳድሩ። 180 ዋት ሰዓት በአጭርና በደረቀ ሣር ላይ በግምት 250 ካሬ ሜትር ያጭዳል፤ ሣሩ ረጅምና እርጥብ ከሆነ ግማሹን አስቡ። ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚደክም ገና ስትገዙ የአንድ ተጨማሪ ባትሪ ዋጋ ደምሩበት። ባትሪው ለብቻው የማይሸጥ ከሆነ ማሽኑን ተዉት።

ፎርጂድ ባትሪ በሚዛን ይያዛል። እውነተኛ ባለ 36 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ በትንሹ 20 ያህል ትናንሽ ሴሎች፣ ወይም 10 ትልልቅ ሴሎች ይፈልጋል። ትንሿ 45 ግራም፣ ትልቋ 70 ግራም ያህል ስለምትመዝን ሴሎቹ ብቻቸውን ከ700 እስከ 900 ግራም ይሆናሉ። መያዣውን ጨምሮ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ «5 አምፔር» የተጻፈበት ባትሪ ውሸት ነው። ብዙዎቹ ኮፒዎች ሴሎቹን እኩል የሚያደርግ ሰርኪት ስለሌላቸው አንዷ ስትደክም ማሽኑ እየሠራ ድንገት ይቆማል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሌሎቹ ከልክ በላይ ይሞላሉ፤ እሳት የሚነሳውም በዚህ ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም።

ኦሪጅናሉንም የሚገድለው አያያዝ ነው። እንደ ጋለ ቻርጅ ላይ አትሰኩት። ለወራት የማይሠራ ከሆነ በግማሽ ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት። በአንድ ጊዜ ከሣሩ ቁመት ሲሶ በላይ አትቁረጡ፤ ሞተሩ ሲጨናነቅ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ደነዝ ምላጭም ይጨርሰዋል። ባትሪውን አውጥታችሁ ምላጩን ፍቱና በ30 ዲግሪ ገደማ ሳሉት፤ ከዚያ በመሀሉ ቀዳዳ ሚስማር ላይ ስቀሉት። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ያ ወገን ከብዷልና እስኪስተካከል ድረስ ሞርዱት።

ሣራችሁ ከ100 ካሬ ሜትር ካነሰ ኤድዊን በዲንግ በ1830 እንግሊዝ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት፣ እየተገፋ በሚሽከረከር ምላጭ የሚሠራው ማጨጃ ይበቃል፤ በየሳምንቱ እስከታጨደ ድረስ። ከ1000 በላይ ከሆነ ቤንዚኑ ያዋጣል። ያገለገለ ስትገዙ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ራሳችሁ አስነሱት፤ ቀድሞ የተሞቀ ማሽን ካገኛችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።