የተጋጨ ኤስዩቪ ለቤተሰብ ጉዞ፦ የትኛው ጉዳት፣ የትኛው መኪና ይሻላል?

የተጋጨ ኤስዩቪ በቅናሽ ገዝቶ፣ ጠግኖ፣ ልጆችን ጭኖ ተራራና በረሃ መውጣት ደስ የሚል ሐሳብ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ፍለጋውን የሚጀምረው ከመኪናው ስም ነው። "ፕራዶ ይሻላል ወይስ ፓጄሮ?" ይላል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ የቱ ጋ ነው የተመታው? ደህና ቦታ ላይ የተመታ መካከለኛ መኪና፣ ክፉ ቦታ ላይ ከተመታ ምርጥ መኪና ይበልጥብኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉዳቶቹን፣ ከዚያ መኪኖቹን እናወዳድር።

ጉዳት ከጉዳት

ከፊት የተመታ መኪና ሲታይ ያስፈራል። ኮፈኑ ተጨማዷል፣ ፓራውልቱ የለም፣ መብራቱ ረግፏል። እነዚህ ግን በብሎን የሚታሰሩ ዕቃዎች ናቸው፣ ይቀየራሉ። ገንዘብ የሚበላው ከጀርባቸው ያለው ነው። ኤርባግ ከፈነዳ ከረጢቱን ብቻ መተካት አይበቃም። ግጭት ሲደርስ ቀበቶውን ስቦ የሚያጠብቀው ክፍል አንዴ ከሠራ ደግሞ አይሠራም። የኤርባጉ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተርም ግጭቱን መዝግቦ ይይዛል፣ ስለዚህ አብሮ መታየት አለበት። ይህን ሁሉ በአዲስ ስታሰሉት ከላሜራው ሊበልጥ ይችላል። ሌላው ጥያቄ መኪናው ከግጭቱ በኋላ ተነድቷል ወይ የሚለው ነው። ራዲያተሩ ተቀዶ፣ ባለቤቱ "ቤት ድረስ ላድርሳት" ብሎ ከነዳው፣ ሞተሩ ግሎ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊጣመም ጓርኒሲዮኑም (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሊቃጠል ይችላል።

ከኋላ የተመታው የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ መሪው፣ ራዲያተሩ ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። የፊት ኤርባጎችም አብዛኛውን ጊዜ አይፈነዱም። ተኝታችሁ ከሥር እዩ፦ የሻንሲው (የመኪናው የብረት አጥንት) ጫፍ ተጨማዷል? የነዳጅ ታንኩ ተነክቷል? ሦስተኛ ረድፍ ወንበር ካለው ግን ጥንቃቄው ይጨምራል። እዚያ የሚቀመጠው ልጅ ነው፣ ከጀርባው ያለው ደግሞ የተጠገነው ብረት ነው።

ከጎን የተመታ ሁለት ዓይነት ነው። በር ብቻ ከሆነ በር ይቀየራል፣ አለቀ። በሩና በሩ መካከል ያለው ምሰሶ ከገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በአዳዲስ መኪኖች ይህ ምሰሶ የሚሠራው እጅግ ጠንካራ ከሆነ ብረት ነው። አሙቀው ቢጎትቱት ቅርጹ ይመለሳል፣ ጥንካሬው አይመለስም። አምራቹ ባዘዘው ቦታ ተቆርጦ መተካት አለበት። ልጅ መስኮት ዳር ለሚቀመጥበት መኪና እኔ አልነካውም።

የተገለበጠ መኪና ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ጣሪያውና ምሰሶዎቹ አንድ ላይ ይጣመማሉ። ሞተሩ ተገልብጦ ሲቆይ ዘይት ወደ ሲሊንደር ይገባል። ካንዴላው ወይም ኢንጀክተሩ ወጥቶ ሞተሩ በእጅ ሳይሽከረከር ቁልፍ የሚያዞር ሰው ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል። ደግሞ ያ ጣሪያ ነው ነገ ፖርቶመጋላና ድንኳን የሚሸከመው። ለመለዋወጫ ይሁን፣ ለቤተሰብ ይቅር።

ውሃ የገባበትስ? መጀመሪያ የገዛሁት እንደዚያ ዓይነቱን ነበር። ላሜራው እንቁላል ነበር፣ አንድ ጭረት የለውም። ሻጩ "ትንሽ እርጥበት ነክቶታል" አለኝ። ደርቆ፣ ታጥቦ፣ ሽቶ ተነፍቶበት ስለነበር አመንኩት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በአምስተኛው ወር መስኮቱ ሌሊት ራሱን ይከፍት ጀመር። ከዚያ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ተበላሸ፣ ከዚያ ማርሹ። አንድ ቀን ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቤ ሳወጣው ቡናማ የጭቃ መስመር አየሁበት። ስገዛ አሥር ሰከንድ ወስጄ ብስበው ኖሮ አልገዛውም ነበር። የመገጣጠሚያ ሶኬቶች ውስጥ የሚገባ ዝገት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፣ የባሕር ውሃ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

በረዶ የቀጠቀጠው ወይም ተሰርቆ የተገኘ መኪና ካጋጠማችሁ ቶሎ እዩት። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከላይ ነው።

መኪና ከመኪና

እዚህ ዋናው ልዩነት ሻንሲው ነው። ገላው በተለየ ሻንሲ ላይ የተቀመጠለት መኪና የላሜራ ጉዳቱንና የአጥንት ጉዳቱን ለይታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ገላና ሻንሲ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ጉዳት የአጥንት ጉዳት ሊሆን ይችላል።

ፕራዶ 120 (ከ2002 እስከ 2009፤ እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሌክሰስ ጂኤክስ 470 እና አራተኛው ትውልድ ፎርራነር የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ይህ ለጠጋኝ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ የእግር ዕቃ ይጋራሉና። ባለ 4.0 ሊትሩ ቪ6 ሞተር ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያንቀሳቅሰው በሰንሰለት ነው። የጂኤክሱ 4.7 ቪ8 ግን በሰንሰለቱ ፋንታ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) አለው፣ ወደ 145,000 ኪሎሜትር ሲጠጋ መቀየር አለበት። የተጋጨ መኪና ብዙ ጊዜ የጥገና ደብተር ስለማይኖረው እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ በጀት ያዙ። አንዳንዶቹ ኋላ ላይ የአየር ሞላ አላቸው። ካረጀ በተራ ሞላ መተካት ለጉዞ ይሻላል። የፕራዶና የጂኤክስ የኋላ በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው። የፎርራነሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ መስታወቱም ለብቻው ይወርዳል። ዝናብ ሲመጣ በሩ ጥላ ይሆናችኋል። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ሦስት ልጅ በጭቃ ጫማ ሲቆም ግን ቀላል አይደለም።

ፓትሮል ዋይ61 የጠንካራ ሰው መኪና ነው። ከ1997 ጀምሮ የተሠራ፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት) ያለው። ለድንጋይ መንገድ እንደሱ የለም። ነገር ግን ፎር ዊሉ ደረቅ አስፋልት ላይ አይገባም፣ መሪው ልል ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ሹፌሩን ያደክማል። የ4.2 ሊትሩ ናፍጣ ሞተር ዕድሜው ረጅም ነው። የ3.0 ሊትሩ የመጀመሪያ ዓመታት ምርት ግን ፒስተን በማቃጠል ስሙ ጠፍቷል። የተመታ ጎማ ካለው አክስሉ ቀጥ ማለቱን አስለኩ።

ፓጄሮ (ከ1999 ጀምሮ ያለው ሦስተኛ ትውልድና ተከታዩ) መሐል ላይ ነው። ሻንሲው ከገላው ጋር አንድ ሆኖ ነው የተሠራው፣ አራቱም እግሮች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ለልጆች ምቾቱ ከሁለቱም ይበልጣል። ሱፐር ሴሌክት የሚባለው ማርሹ ፎር ዊሉን አስፋልት ላይም ያስገባል። ሦስተኛው ወንበር ወለል ውስጥ ይገባል፣ መኝታ ለሚያስቡ ጥሩ ነው። ክፋቱ ግጭት ላይ ነው። ምቱ ወደ ውስጥ ካለፈ መለኪያ ማሽን ላይ መውጣት አለበት። ጉዳቱ የበርና የፓራውልት ከሆነ ግን እኔ ያለማመንታት እገዛዋለሁ፣ ስሟ ከፕራዶ ስለሚያንስ ዋጋዋም ብዙ ጊዜ ያንሳል።

ራቭ4 እና ፎረስተርን የመሰሉ ቀለል ያሉስ? ጉዟችሁ ጠጠር መንገድና የካምፕ ቦታ ድረስ ብቻ ከሆነ ይበቃሉ። ነዳጅም ይቆጥባሉ። ብቻ የተጋጩትን ለመግዛት ልምድ ያለው ላሜራ ሠሪ ከጎናችሁ ይኑር።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናው እንዳይንሸራተትና እንዳይገለበጥ የሚያግዘው የመረጋጋት ቁጥጥር፣ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት ከነበሩት አንዳንዱ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ልጅ ለሚጭን ሰው ከዊንች (መኪናን ከጭቃ ጎትቶ ከሚያወጣው መሣሪያ) በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

ከጥገናው በኋላ የሚያጣላው ኪሎ ነው

ሰው ጥገናውን ጨርሶ ወደ ማስጌጡ ሲገባ ልቡ ይጠፋል። መኪናው 600 ኪሎ ይሸከማል እንበል። አምስት ሰው 260። 40 ሊትር ውሃ 40። የጣሪያ ድንኳን 60። ፍሪጅና ሁለተኛ ባትሪ 45። የብረት ፓራውልትና ዊንች 80። 485 ኪሎ ሆነ፣ ገና ልብስ፣ ምግብና መፍቻ አልገባም። እኔ የማስቀረው የብረቱን ፓራውልት ነው። ድንኳኑንም መሬት ላይ ብትተክሉት ይቀላል፣ ጣሪያ ላይ ያለ ክብደት መታጠፊያ ላይ ይጎትታል። ያን ገንዘብ ለጎማ፣ ለፍሬንና ለሾክ አብዞርበር አውሉት። የልጆች ወንበር ደግሞ ከተጋጨው መኪና ጋር "በነጻ" ከመጣ ጣሉት።

ልታዩ ስትሄዱ ይህን አድርጉ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ግማሽ አዙሩ። የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። በርቶ ከቀረ ችግሩ ቢያንስ አልተደበቀም፣ ዋጋ ትከራከሩበታላችሁ። ጭራሽ ካልበራ ግን አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ማለት ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ኮፈኑን እንኳ ሳልከፍት ነው የምመለሰው።