ቢዋይዲ ሲገል አዲስ አበባ ላይ እንዴት ነው? ዋጋው ከየት እንደመጣም ጭምር

የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ የሚሰራትን ትንሿን የኤሌክትሪክ መኪና ሲገልን ልግዛ ወይ የሚለኝ ሰው በጣም ስለበዛ አንዴ በደንብ ልጻፈው። መልሴ አዎ ግዙ ነው፣ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ ደሞ መኪናውን ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ፣ ምክንያቱም ዋጋው ላይ እጃቸው ያለበት ሰዎች ዋሽንግተን፣ ብራሰልስ፣ ቤጂንግና እዚሁ ብሄራዊ ባንክ ነው የተቀመጡት።

መጀመሪያ መኪናዋ። ርዝመቷ 3.78 ሜትር ነው፣ ፒያሳና መርካቶ አካባቢ ማቆሚያ ፈልጎ የዞረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሞተሯ 55 ኪሎዋት ነው፣ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የቤንዚን ሞተር አየሩ ሲሳሳበት ጉልበቱ ይወርዳል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይፈልግ ምንም አይቀንስበትም፣ የሽሮ ሜዳን ዳገት ሰው ጭና ስትወጣ ነው ልዩነቱን የምታዩት። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፣ ማደያ ሰልፍ የለ። ዝም ያለች ናት፣ በጣም ወድጃታለሁ።

ባትሪው ሁለት አይነት ነው፣ 30 እና 38.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ሻጩ 305 እና 405 ኪሎሜትር ትሄዳለች ይላችኋል፣ ይሄ ቁጥር በቻይና መለኪያ የተለካ ነው፣ መለኪያው ደሞ ለጋስ ነው፣ ስለዚ ቀንሳችሁ አስቡ። አዳማ ስትወርዱ ባትሪው አልቀንስ ይላል፣ ስትመለሱ ግን ዳገቱ ይበላዋል፣ የመመለሻውን አስቡ እንጂ በመሄጃው አትታለሉ። መቀመጫዋ 4 ሰው ብቻ ነው፣ የኋላ ሻንጣ ማስቀመጫውም ጠባብ ነው፣ ቤተሰቡ ትልቅ የሆነ ሰው ከአሁኑ ይወቀው።

አሁን ወደ ዋጋው። ይቺ መኪና እ.ኤ.አ በ2023 ሚያዝያ ቻይና ውስጥ ስትወጣ መነሻዋ 73,800 ዩዋን ነበር፣ ከ11 ሺህ ዶላር በታች ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ይሄን ሲያዩ ደነገጡ፣ በ2024 የባይደን መንግስት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የነበረውን 25 ከመቶ ታሪፍ (የማስገቢያ ቀረጥ) ወደ 100 ከመቶ አወጣው፣ መኪናዋ እኮ እዛ አገር መሸጥ እንኳ አልጀመረችም። በ2025 ጥር ደሞ ከ2027 ሞዴል ጀምሮ የቻይና ሶፍትዌር ያለው ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ መኪና እንዳይገባ ደንብ አወጡ፣ ታሪፉ ቢነሳ እንኳ በሩ ዝግ ነው። አውሮፓ ለስለስ ብሎ ቢዋይዲ ላይ ከመደበኛው 10 ከመቶ ሌላ 17 ከመቶ ጨመረ። እዛ በ2025 ዶልፊን ሰርፍ ብለው ሲያወጧት መነሻዋ ወደ 23 ሺህ ዩሮ ነበር፣ እርግጥ አካሏን አርዝመው ዕቃም ጨምረውባታል፣ ቢሆንም ከቻይናው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ይሄ ሁሉ በታሪፍ ብቻ የመጣ አይደለም፣ ገበያው ስለሚከፍል ያተርፉበታል።

ቻይና እንዴት ይሄን ያህል አረከሰችው ለሚለው አውሮፓ የመንግስት ድጎማ ነው ይላል፣ አጣርቶም መንግስት ለአምራቾቹ ርካሽ ብድርና መሬት እንደሚሰጥ ደርሼበታለሁ ብሏል። ዩዋኑም አለበት፣ ዩዋን ሲረክስ የቻይና ዕቃም ለውጭ ገዢ ይረክሳል፣ የቻይና ማዕከላዊ ባንክ በየጠዋቱ መሃል ዋጋውን ራሱ ይቆርጥና በዶላር ላይ ከዛ ግራና ቀኝ 2 ከመቶ ብቻ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል፣ በዚህ ጭቅጭቅ ነው አሜሪካ በ2019 ቻይናን ምንዛሬ አጭበርባሪ ብላ ፈርጃ በ2020 መጀመሪያ ያነሳችው። ግን በኔ እይታ ድጎማና ምንዛሬ ብቻ ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም፣ ቢዋይዲ በ1995 በባትሪ የጀመረ ድርጅት ነው፣ ባትሪውን፣ ሞተሩን፣ ከቺፑም ብዙውን ራሱ ይሰራል፣ አሜሪካ በ2022 ለቻይና እንዳይሸጥ የከለከለችው የረቀቀውን ቺፕ ነው፣ መኪና በብዛት የሚፈልገው ደሞ የቆየውን አይነት ስለሆነ እሱን ቻይና አላጣችውም።

እኛ ጋ ያለው ነገር ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በጥር 2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና ማስገባት ሲከለከል ለኤሌክትሪኩ ቀረጡ ቀድሞ ቀሎ ነበር፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 ከመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ። አሜሪካ 100 በምትልበት ዕቃ እኛ 15 አልን፣ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፣ መብራቱ የራሳችን ነው ነዳጁ ግን በዶላር ነው። ከዛ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር ተንሳፈፈ፣ ምንዛሬው ለገበያ ተለቀቀ ማለት ነው፣ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ወደ 74 ብር ሄደ፣ ቆይቶ ከ100 አለፈ። ቀረጡ ያኔ ያው 15 ነበር ግን የሚሰላው ወደ ብር በተመነዘረው ዋጋ ላይ ስለሆነ እሱም አብሮ ወጣ፣ ሻጩ ዋጋ ጨመረብኝ የምትሉ ይሄን አስሉት።

የሚያሳስበኝ መለዋወጫው ነው። እ.ኤ.አ በ2025 የሁለቱ አገሮች የታሪፍ ግብግብ በአሜሪካ በኩል 145፣ በቻይና በኩል 125 ከመቶ እስኪደርስ ሲካረር ቻይና ለመኪና ዕቃ የሚያስፈልጉ የማግኔት ማዕድኖቿን በፈቃድ ብቻ ነው የምሸጠው አለች፣ በማግኔት እጥረት ፎርድ ቺካጎ ያለ ፋብሪካውን ለአንድ ሳምንት አቆመ፣ ሱዙኪም ስዊፍትን ማምረት አቋረጠ። እነሱ እንዲህ ከሆኑ ሁሉንም ነገር ከአንድ አገር የምናመጣ እኛስ? እኔ የጎን መስታወት ተሰብሮብኝ ነበር፣ መኪናዋን ያስመጣልኝ ሰው (ስሙን አልጠራም) መለዋወጫ ሞልቷል ብሎ ነበር የሸጠልኝ፣ ስፈልገው ግን ከቻይናዋ ጓንጁ ከተማ ታዝዞ ነው የሚመጣው ብሎ ብዙ ጊዜ በፕላስተር ይዤ አስጠበቀኝ። ይሄ አናዶኛል አሁንም ያናድደኛል፣ ሰው ያለውን አውጥቶ የሚገዛውን ዕቃ እንዲህ ሸጦ ዞር ማለት ነውር ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ እንዳይሆን ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ፣ ለቻይና ገበያ የተሰራው ላይ የጉግል ካርታ የለም፣ የቻርጅ ሶኬቱም የቻይና አይነት ነው፣ ስለዚ የምትጠቀሙበት ጣቢያ ይሄን ሶኬት እንዳለው ጠይቁ። ካለው ከ30 ወደ 80 ከመቶ በግማሽ ሰዓት ይሞላል ነው ፋብሪካው የሚለው። ዋስትናውን ማን እንደሚሰጥ በወረቀት አስጽፉ፣ በቃል አትመኑ።

ከቻላችሁ ትልቁን ባትሪ ውሰዱ። ግቢያችሁ ውስጥ የራሳችሁ ቆጣሪ ካላችሁና ውሏችሁ ከተማ ውስጥ ከሆነ በዚህ ዋጋ የሚወዳደራት አላየሁም። ተከራይታችሁ ቆጣሪ የምትጋሩ ከሆነ ወይ ደሴ ጎንደር የምትመላለሱ ከሆነ ግን አይሆናችሁም፣ ይቅርባችሁ።