ነጯን ሙስታንግ ምን እናልብሳት?

መኪናዬ የ2016 ፎርድ ሙስታንግ ናት። ነጭ። ነጭ ሙስታንግ ደግሞ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ እንደ አዲስ አበባ ሚኒባስ ነው፤ ዞር ባላችሁበት አንዱ ይገጥማችኋል። መልኳን ልቀይር ብዬ ስነሳ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የመኪና ወዳጆች ቡናቸውን ይዘው ወደሚሰበሰቡበት ቦታ ይዣት ሄድኩ። በአራት ቀለም ያሠራሁትን ምስል ከስልኬ ላይ አሳየሁ። አምስት ሰዎች ስድስት ሐሳብ ሰጡኝ። አንዱ ጥቁር ማት (የማያብረቀርቅ) ይላል፣ ሌላው «ማት አቧራ ነው፣ ተወው» ይላል።

ምስሉን ያላዩት አንድ ጋሼ ብቻ ነበሩ። አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሰው ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ማታ የት ነው የምታሳድራት?» አሉኝ። መንገድ ላይ አልኳቸው። «እንግዲያው ቀለሙን ተወውና ከዚያ ጀምር።»

ልክ ነበሩ። እኔም ከዚያ ልጀምር።

ሁሉም መጀመሪያ የሚያስበው ራፕን ነው። ራፕ መኪናው ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ ነው። የስሪኤም ኩባንያን 2080 የተባለ ራፕ ብንወስድ ውፍረቱ 90 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። ሙሉ መኪና ለማልበስ እዚህ አካባቢ በአብዛኛው ከ2,500 እስከ 5,000 ዶላር ይጠይቃሉ። ክሮም የሚመስለው ከዚህም ይወደዳል፣ ሲጭሩትም ቶሎ ያስታውቃል። ዋጋው በጣም ከወረደባችሁ «ፊልሙ ካስት ነው ወይስ ካሌንደርድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካስት በፈሳሽነቱ ፈስሶ የደረቀ ነው፤ ካሌንደርድ የሚባለው ግን እየተዳመጠ የተሠራ ስለሆነ ወደ ቀድሞ መጠኑ መሰብሰብ ይፈልጋል። ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ከጊዜ በኋላ ጠርዙ ይነሳል። ለጠፍጣፋ ነገር ምንም አይልም፤ ለሙስታንግ ባምፐር ግን አይሆንም።

ጥሩ ራፕ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል ይባላል። ይህ ግን ጋራዥ ውስጥ ለምታድር መኪና ነው። ውጭ የምታድር ከሆነ ኮፈኑና ጣራው ከበሮቹ ቀድመው ያረጃሉ፤ ፀሐዩን ፊት ለፊት የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫም አለ። ማት ከሆነ ደግሞ ሰም መቀባትም ሆነ ፖሊሽ ማድረግ አይቻልም፤ ያንጸባርቅና ዝንጉርጉር ይሆናል። ብሩሽ ያለው የመኪና ማጠቢያ ማሽንም ይቅርባችሁ።

ትልቁ ጥቅሙ ሲነቀል የፋብሪካው ቀለም ከሥሩ እንዳለ መገኘቱ ነው። የፋብሪካው ከሆነ ነው ታዲያ። አንድ ጓደኛዬ ኮፈኑ ከግጭት በኋላ በርካሽ ተቀብቶ ነበር። ራፑን ሲያስነቅል ቀለሙም አብሮ መጣ፣ ስቱኮው ፊት ለፊት ታየ። መኪናችሁ ተጋጭታ የምታውቅ ከሆነ ከማስለበሳችሁ በፊት ተናገሩ።

ቀለም መቀባት ሌላ ዓለም ነው። በትክክል የሚሠራ ሰው መስታወቱን፣ መብራቱን፣ የበር እጀታውን ይፈታል፣ ይሞርዳል፣ ቀለም ቀብቶ ከላዩ ክሊር የሚባለውን ግልጽ መከላከያ ያለብሳል። እንዲህ ያለው ሥራ ከ5,000 ዶላር ወዲህ እምብዛም አይገኝም። ውበቱ የሚታወቀው በር ስትከፍቱ ነው። በራፕ ሰማያዊ የሆነች መኪና በሯ ሲከፈት ውስጧ ነጭ ነው፤ በቀለም ከሆነ ግን የበሩን ውስጥ ጭምር ማስቀባት ትችላላችሁ። ውጭ ማደሩንም ከራፕ በተሻለ ይችለዋል።

መሸጫው ላይ ግን ይከብዳል። ገዢ የተቀባ መኪና ሲያይ «የት ተጋጨች?» ነው የሚለው። የቀለም ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ይዞ የሚመጣም አለ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ከዚያ በጣም ካለፈ ጥያቄው ይበዛል። ስለዚህ መኪናዋን አሥር ዓመት ልትይዟት ካሰባችሁ ቀለም፣ በሦስት ዓመት ልትሸጧት ከሆነ ራፕ። እኔ እንዲህ ነው የማየው።

ፒፒኤፍ የሚባለው ቀለሙን ከጉዳት የሚጠብቅ ግልጽ ሽፋን ነው፤ የመኪናውን ቀለም አይቀይርም። ባለቀለምም አለ ግን ይወደዳል። ውፍረቱ 200 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ ጠጠር ይችላል። ትንንሽ ጭረት ደግሞ በሙቀት ራሱ ይጠፋል። ሙሉ መኪና ከ5,000 ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ብዙ ሰው ግን ኮፈኑን፣ ባምፐሩንና ስፖኪዮውን ብቻ ያስለብሳል። ሃይዌይ ለሚበዛበት ሰው ይህ በቂ ነው።

ፕላስቲ ዲፕ የሚባለውን እንደ ጎማ የሚደርቅ ቀለም ለቸርኬ ብቻ ተጠቀሙበት። በቆርቆሮ ይገዛል፣ ይነፋል፣ ሲሰለች እንደ ልጣጭ ይላጣል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ የነዳጅ መሙያውን ክዳን ቀባሁበት። አንድ ቀን ቤንዚን ተንጠባጠበበትና እንደ ማስቲካ ሆነ። ቤንዚን እንደማይችል የታወቀ ነው፤ ያላጣራሁት እኔ ነኝ።

መስታወት ልታጠቁሩም ካሰባችሁ ሕጉ ድንበር ሲሻገር ይለያያል። የፊት የጎን መስታወት ማሳለፍ ያለበት ብርሃን ሜሪላንድ ቢያንስ 35 በመቶ፣ ቨርጂኒያ 50፣ ዲሲ 70 ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጓደኛዬን አይቼ ያንኑ አስደርጌ ቢሆን ኖሮ ቨርጂኒያ ላይ ቅጣት ይጠብቀኝ ነበር።

የሰው አስተያየት ስትጠይቁ «የትኛው ቀለም ያምራል?» አትበሉ፤ መልሱ አያልቅም። ይልቅ ራፑ ሁለት ክረምት ያለፈበትን ሰው ፈልጉና መኪናውን አስፈቅዳችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ። የባምፐሩን ጥግ፣ የስፖኪዮውን ጠርዝ፣ የበር እጀታውን ጎድጓዳ። መጀመሪያ የሚነሳው እዚያ ነው። ለማን እንዳሠራ የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። የፊልሙንም ናሙና ወስዳችሁ ፀሐይ ላይ መኪናችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ሱቅ ውስጥ ግራጫ የነበረው ውጭ ሐምራዊ ሆኖብኛል።

እኔ በመጨረሻ ነጩን አልነካሁትም። የ1965ቱ ሼልቢ ጂቲ350፣ ታዋቂው የውድድር ሙስታንግ፣ ነጭ ላይ ሰማያዊ መስመር ነበረው፤ ያንን ከኮፈኑ እስከ ኋላ በቪኒል አስለጠፍኩ፣ ፊቷን ደግሞ ፒፒኤፍ አስለበስኩ። የሼልቢን የእባብ አርማ ግን ተውኩት። የኔ ሞተር አራት ሲሊንደር፣ 2.3 ሊትር ነው፤ የማያውቁትን አባት ስም መጥራት ይሆናል።

በቀጣዩ ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ወጣቶቹ ፎቶ አነሱ። ጋሼ አንዴ ዞረው አዩዋትና ጣራው ላይ ያለውን የወፍ ኩስ በጣታቸው አሳዩኝ። «ውሃ አምጣ» አሉኝ።