ርእሱ አንድ፣ መጽሐፉ ሁለት፦ የአራት ኪሎና የስድስት ኪሎ ኮፒ ቤቶችና አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ለአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ

የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ፣ ድራማና ፊልም የሚማር ሰው ንባቡን የሚያሟላው ባብዛኛው ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ነው። መምህሩ የንባብ ዝርዝር ይሰጣል፤ ተማሪው ወይ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ይሄዳል፣ ወይ ኮፒ ቤት ይገባል፣ ወይ ፍላሹን ይዞ ፊልም ወደሚጭኑት ያመራል። ሦስቱም ፈጣን ናቸው፤ ከአዲስ መጽሐፍ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩም ርካሽ። ነገር ግን ሦስቱም ዘንድ የሚጠየቀው «ርእሱ አለ ወይ?» ብቻ ነው፤ የትኛው እትም እንደሆነ የሚጠይቅም የሚነግርም የለም። በዚህ ትምህርት ውጤት የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እንጀምር። አገላብጦ ማየት አይከለከልም፣ ዋጋ ይከራከሩታል፣ የሌለውን መጽሐፍ ፈልገው የሚደውሉም አሉ። ትልቁ ወጥመድ ቋንቋው ቀለል ተደርጎ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የተዘጋጀው እትም ነው። የፊት ሽፋኑ ከዋናው እምብዛም ስለማይለይ «ዘ ግሬት ጋትስቢ» የሚለውን ልብ ወለድ ብሎ የገዛ ሰው ታሪኩን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ለፈተና የሚያስፈልገው የተራኪው የኒክ አነጋገርና የአረፍተ ነገሩ ሙዚቃ ግን ውስጡ የለም። መለየቱ ቀላል ነው። የኋላ ሽፋኑ ላይ የደረጃ ቁጥር ወይም የቃላት ብዛት ካለ፣ መጨረሻው ላይ መልመጃ ካለ፣ የውስጥ ገጹ ላይ ከደራሲው ሌላ «እንደገና የተረከው» የሚል ስም ካለ መልሱት። ዋናው «ጋትስቢ» 9 ምዕራፍ ነው። «ሃክልቤሪ ፊን» 43 ምዕራፍ ሲሆን የማርክ ትዌይን ብልሃት ያለው ገጸ ባሕርያቱ በየአካባቢያቸው ዘዬ መናገራቸው ላይ ነው፤ ከባርነት የሸሸው ገጸ ባሕርይ ጂም ጥርት ባለ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚናገርበት ቅጂ ካገኛችሁ መጽሐፉ ተነካክቷል ማለት ነው።

ድራማ ላይ ነገሩ ይረቅቃል፤ እዚህ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። የአሜሪካ ተውኔት ብዙ ጊዜ በሁለት መልክ ይታተማል፤ አንዱ ለአንባቢ፣ ሌላው ለመድረክ አዘጋጅ። የመድረኩ እትም ስስ ነው፣ መጨረሻው ላይ የዕቃ ዝርዝርና የመብራት መመሪያ ይኖረዋል። የቴአትር ጥበባት ተማሪ ሆኖ ለሚያዘጋጅ ሰው ይኸኛው ወርቅ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን የቴነሲ ዊልያምስን «ዘ ግላስ ሜናጀሪ» በመድረክ እትሙ ካነበበ ከባድ ጉድለት ይገጥመዋል። ደራሲው በየትዕይንቱ ጽሑፍና ሥዕል የሚታይበት ስክሪን አስቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ኒው ዮርክ ላይ ሲታይ ስክሪኑ ቀርቷል፣ የመድረኩ እትምም ያንኑ ተከትሎ ስክሪኑን ከጽሑፉ ሰርዞታል። የአንባቢው እትም ግን ይዞታል። መምህሩ «ስክሪኑ ከትዝታ ጋር ያለውን ግንኙነት ተንትኑ» ብሎ ሲጠይቅ ጽሑፉ ውስጥ ስክሪን የሚባል ነገር ያላየ ተማሪ ምን ይጽፋል? ከመግዛታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ትዕይንት ግለጡና ስለ ስክሪኑ የሚያወራ የመድረክ መመሪያ መኖሩን አረጋግጡ።

የሎሬን ሃንስበሪ «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን»ም እንዲሁ ነው። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1959 በኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር በብሮድዌይ ሲታይ የተቆረጡ ክፍሎች ነበሩት፤ ኋላ በወጡት እትሞች ተመልሰዋል። ፈጣኑ መለያ የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር ነው፤ ሚስስ ጆንሰን የምትባል ጎረቤት ካለች የተሟላው እትም ነው። በነገራችን ላይ የሁለተኛው ገቢር የመጀመሪያ ትዕይንት ለእኛ አንባቢ የተለየ ጣዕም አለው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዋልተር ጠጥቶ ገብቶ የአፍሪካ ጦረኛ ሆኖ ሲፎክር ኢትዮጵያ እጆችዋን ስለ መዘርጋቷ ይጮኻል። የመዝሙረ ዳዊትን ቃል ከልጅነቱ የሚያውቅ ተማሪ ያለ ግርጌ ማስታወሻ ይገባዋል፤ ይህን ዕድል ድርሰቱ ውስጥ ሊጠቀምበት ይገባል።

ኮፒ ቤቶቹ በፍጥነት የሚወዳደራቸው የለም። ጥራታቸው ግን በደንበኛው ቁጥጥር ይወሰናል። መጽሐፍ ኮፒ ሲደረግ ሁለት ገጽ በአንድ ኤ4 ፊት፣ ወረቀቱም በሁለቱም ፊት ከታተመ 140 ገጽ ያለው ተውኔት 35 ወረቀት ይሆናል። ሒሳቡን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ የገጹንም የዋጋውንም ክርክር ታሳጥራላችሁ። መጽሐፉ ማሽኑ ላይ በደንብ ካልተጫነ በመሃል መጋጠሚያው በኩል ጥቁር ጥላ ይወድቅና የየመስመሩ ጫፍ ቃላት ይዋጣሉ። እንደ ኖርተን አንቶሎጂ (ወፍራም የሥነ ጽሑፍ ስብስብ መጽሐፍ) ያለ ስስ ወረቀት ሲሆን ደግሞ የጀርባው ጽሑፍ አሳልፎ ይታያል፤ ከሚነሳው ገጽ ጀርባ ጥቁር ወረቀት አስገቡ፣ ያጠፋዋል። ሠራተኛው ሲቸኩል ሁለት ቅጠል አብሮ ይገለብጣልና ሳይጠረዝ በፊት የገጽ ቁጥሩን አንድ በአንድ ተከተሉ። ከተጠረዘ በኋላ የተገኘ ጉድለት በብላሽ የሚስተካከለው ከስንት አንዴ ነው።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል መግቢያውንና መጨረሻውን መተው ነው። የአርተር ሚለር «ዴዝ ኦፍ ኤ ሴልስማን» ላይ ይህ ተውኔቱን ያፈርሰዋል። የመጀመሪያው ረጅም የመድረክ መመሪያ ቁልፍ ደንብ ይዟል፦ ታሪኩ በአሁኑ ጊዜ ሲሆን ተዋንያኑ በበር ይገባሉ፣ ወደ ትላንት ሲመለስ ግን የግድግዳውን መስመር አልፈው ይራመዳሉ። ከንግግሩ የሚጀምር ኮፒ የያዘ ተማሪ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዊሊ መቼ እያስታወሰ መቼ እየኖረ እንዳለ ይምታታበታል። መጨረሻውም ሁለተኛው ገቢር አይደለም፤ «ረክዊየም» የሚል አጭር የመቃብር ትዕይንት አለ። እሱ ከሌለ ክፍያ የለም በሉ።

ጥረዛው ስፓይራል ይሁን። በሙጫ የተጠረዘው ያምራል፣ ሁለት ሳምንት እያነበቡ ሲያሰምሩበት ግን ቅጠል በቅጠል ይለቃል።

ግጥምን ከኢንተርኔት አውርዶ ማሳተም ላይ ጥንቃቄ እንመክራለን። የኤሚሊ ዲኪንሰን ግጥሞች መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1890 ሲታተሙ አርታኢዎቹ ሰረዞቿን ቀንሰው፣ ርእስ ጨምረው፣ ቃላትም ለውጠው ነበር። የባለቤትነት መብቱ ያለፈበት ስለሆነ በነጻ የሚገኘው ባብዛኛው ይኸው ነው። ሞት በሠረገላ መጥቶ ስለሚወስዳት ሴት የሚናገረው ግጥም በዚያ እትም አምስት አንጓ ነው፤ ቶማስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው ግን ስድስት። የቀረው አንጓ ብርዱና ስስ ልብሷ የሚነሱበት ነው፤ ያለ እሱ ግጥሙ አለቅጥ የተረጋጋ ይመስላል። ቁጥሩም ያደናግራል፤ ይኸው ግጥም በጆንሰን እትም 712፣ በሌላው አርታኢ በፍራንክሊን እትም 479 ነው። መምህሩ የትኛውን እንደሚጠቀም ጠይቁ። ትክክለኛውን ካገኛችሁም ፋይሉን በፒዲኤፍ ውሰዱ፤ በዎርድ ከሆነ የኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ይቀየርና ሰረዙ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ የገጣሚው የዊትማን ረጃጅም ስንኞችም ባልሆነ ቦታ ይሰበራሉ።

ፊልም የሚጭኑትን በተመለከተ ምርጫቸው ሰፊ ነው፣ ለአሮጌዎቹ የአሜሪካ ፊልሞች ግን ደካሞች ናቸው። ከቴነሲ ዊልያምስ ተውኔት የተሠራው እ.ኤ.አ. የ1951ዱ «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» የተቀረጸው ወደ አራት ማዕዘን በሚጠጋ ምስል ነው፤ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ የተለጠጠ ወይም ከላይና ከታች የተቆረጠ ኮፒ ከሆነ ስለ ካሜራው አቀማመጥ የምትጽፉት ሁሉ ስሕተት ይሆናል። የሰው ፊት ጎኑ ሰፍቶ ከታያችሁ ተለጥጧል ማለት ነው፤ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ የእንግሊዝኛውን ኤ ፊደል እየተጫናችሁ ማስተካከል ይቻላል፣ የተቆረጠው ግን አይመለስም። ኢ የምትለዋ ፊደል ምስሉን ፍሬም በፍሬም ታስኬዳለች፤ ለትዕይንት ትንተና ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ከምስሉ ሥር የሚወጣው ጽሑፍ (ሰብታይትል) ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ በጂ እና በኤች ፊደሎች ይስተካከላል።

ፊልሙ የተውኔቱ ምትክ አይደለም፤ «ስትሪትካር» ዋናው ምሳሌ ነው። በተውኔቱ ፍጻሜ ስቴላ እህቷን ብላንሽን ከደፈረው ባሏ ከስታንሊ ጋር ትቀራለች። የሆሊውድ የሳንሱር ደንብ ጥፋተኛ ሳይቀጣ እንዲቀር ስላልፈቀደ በፊልሙ ዳግመኛ እንደማትመለስ ተናግራ ሕፃኑን ይዛ ወደ ጎረቤት ትወጣለች። የብላንሽ የቀድሞ ባል ታሪክም በዚያው ምክንያት ተድበስብሷል። ፊልሙን ብቻ አይቶ ፈተና የገባ ተማሪ የተውኔቱን ፍጻሜ ይገለብጠዋል።

ማመሳከሪያ ለሚፈልግ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት አሉ። ኮፒውን ልቅ እንዳለ ይዛችሁ ገብታችሁ ከታተመው መጽሐፍ ጋር የመጀመሪያውን ገጽ፣ የመጨረሻውንና የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር አመሳክሩ፤ ስፓይራሉን ከዚያ በኋላ አስገቡ። ከኮፒ ቤት ኮምፒውተር የተመለሰ ፍላሽ ላይ ፋይሎቹ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ከተገኙ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው፤ ሾርትከቱን ሳትከፍቱ ፍላሹን በጸረ ቫይረስ አጽዱት፣ ቀጥሎ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። የአሳይመንቱን አንድ ቅጂ ግን ሁልጊዜ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀሩ።