የስኳር ምርመራ ልትገዙ ነው? የጣት መርፌው፣ የሦስት ወሩ ምርመራና የክንዱ ሴንሰር ሲነጻጸሩ

አጎቴ አንድ ማታ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። «ስኳር ይዞኛል» አሉኝ። አዲስ የስኳር መለኪያ ማሽን ገዝተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን ወግተው ሲያዩ 212 ይላል።

«ከመለካትዎ በፊት እጅዎ ምን ነክቶ ነበር?» አልኳቸው።

«ምንም። ለልጅ ልጄ ብርቱካን ልጬለት ነው። እኔ አንድም አልቀመስኩ።»

እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ሌላ ጣት እንዲወጉ ነገርኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ለኩ። 118። የብርቱካኑ ጭማቂ ጣታቸው ላይ ደርቆ ኖሯል። ማሽኑ ያነበበው ከጭማቂው ጋር የተቀላቀለችውን የደም ጠብታ ነው።

እፎይ አሉ። ማሽኑንም መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። እኔን ግን ከ212ቱ ይልቅ ያሳሰበኝ እፎይታቸው ነው። የእሳቸው ጥያቄ «ስኳር አለብኝ ወይ?» የሚል ነበር። የገዙት ማሽን የሚመልሰው ደግሞ «በዚህች ደቂቃ ስኳሬ ስንት ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ምርመራም ሆነ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የቱን ጥያቄ እንደያዛችሁ ለዩ። አለዚያ ገንዘባችሁ ላልጠየቃችሁት መልስ ይወጣል።

ቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ዓመታት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። አያምም፣ ከሥራ አያስቀርም። የውሃ ጥም፣ የሽንት መመላለስና የክብደት መቀነስ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ነገሩ ቆይቷል። ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ እስከዚያ መጎዳት ጀምረው ሊሆን ይችላል። የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ 589 ሚሊዮን አዋቂዎች ከስኳር ጋር ይኖራሉ። ከአሥሩ ከአራት የሚበልጡት እንዳለባቸው አያውቁም።

ከሕመሙ በፊት ደግሞ ቅድመ ስኳር የሚባል ደረጃ አለ። የደሙ ስኳር ከጤናማው ከፍ ብሏል፤ ስኳር ከሚባለው መጠን ግን ገና አልደረሰም። ብዙ ማድረግ የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ ጥናት በዚህ ደረጃ ላይ ያሉ 3,234 ሰዎችን ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏል። ክብደታቸውን በ7 ፐርሰንት እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 ፐርሰንት ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 ፐርሰንት። ክብደት መቀነሱና እንቅስቃሴው ክኒኑን በለጡት ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ነው ስለ ምርመራ ለሰው መወትወት የጀመርኩት።

«አለብኝ ወይ?» ላለ ሰው፦ የላብራቶሪ ምርመራ

በባዶ ሆድ የሚታየው ስኳር ቀላሉና ርካሹ ነው። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ ጠዋት ደም ይሰጣሉ፤ ውሃ መጠጣት ይፈቀዳል። ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጤናማ፣ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር፣ 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ቅድመ ስኳርን የሚጀምረው ከ110 ነው። ስለዚህ 104 ያለው ሰው አንዱ ሐኪም ጋ «ተጠንቀቅ»፣ ሌላው ጋ «ደህና ነህ» ሊባል ይችላል። አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ የሚከተሉት መመሪያ ይለያያል። የዚህ ምርመራ ድክመቱ የአንድ ጠዋት ፎቶ መሆኑ ነው። ትናንት ታማችሁ ወይም እንቅልፍ አጥታችሁ ከነበረ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

ብዙ ሰው «የሦስት ወሩ» የሚለው ምርመራ፣ ማለትም ኤ ዋን ሲ፣ ይህን ችግር ይፈታል። አሠራሩ ደስ ይላል። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ባለው ሂሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል። ከተጣበቀ ሕዋሱ እስኪሞት አይለቅም። ሕዋሱ ደግሞ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ምን ያህሉ ሂሞግሎቢን ስኳር እንደያዘ ሲለካ ያለፉት ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ ይገኛል። ለምርመራው ብሎ ሁለት ቀን ጣፋጭ መተው ምንም አይለውጥም። ጾሞ መሄድም አያስፈልግም። ሳሙኤል ራህባር የተባሉት ኢራናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ ለየት ያለ ሂሞግሎቢን ማየታቸው ነው መነሻው። የዓለም ጤና ድርጅት ስኳርን ለመለየት እንዲያገለግል የተቀበለው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ከ5.7 ፐርሰንት በታች ጤናማ፣ ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። ወረቀታችሁ ላይ 48 የሚል ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ። ሌላ አሃድ ነው፤ ከ6.5 ፐርሰንት ጋር እኩል ነው።

ኤ ዋን ሲም የሚሳሳትበት ቦታ አለው፤ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ደግሞ ብዙም የለም። ምርመራው የቆመው በቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ ላይ ነው። ያ ዕድሜ ከተዛባ ቁጥሩም ይዛባል። በአይረን እጥረት የመጣ ደም ማነስ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርገዋል። በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው፣ ደም የተለገሰው ወይም ቀይ ሕዋሱ ቶሎ ቶሎ የሚሞትበት ሰው ደግሞ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያያል። እርግዝና፣ የከፋ የኩላሊት ሕመምና በዘር የሚወረስ የሂሞግሎቢን ለውጥም ያሳስቱታል። ከእነዚህ አንዱ ካለባችሁ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ተናገሩና በባዶ ሆድ የሚታየውን ምረጡ።

ሦስተኛው 75 ግራም ግሉኮስ በውሃ አጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ነው። ከ140 እስከ 199 ቅድመ ስኳር፣ ከ200 ጀምሮ ስኳር። አሰልቺ ነው፤ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይጠይቃል። ነገር ግን ሌሎቹ ያለፏቸውን ሰዎች ይይዛል። ነፍሰ ጡሮች ብዙ ጊዜ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይመረመሩበታል።

ምልክት የሌለው ሰው በአንድ ውጤት ብቻ «ስኳር አለብህ» አይባልም። ሁለተኛ ውጤት ማረጋገጥ አለበት። የሽንት ምርመራውን ለዚህ ጉዳይ እርሱት። ስኳር ወደ ሽንት የሚያልፈው ደም ውስጥ 180 ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ቅድመ ስኳርን ጨርሶ አያይም።

«አሁን ስንት ነው?» ላለ ሰው፦ የጣት መርፌው

ማሽኑ ራሱ ርካሽ ነው። ወጪው ያለው ስትሪፑ ላይ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ልኬት የደም ጠብታዋን ተቀብላ በምትጣለው ቀጭን ቁራጭ ላይ ነው። በቀን ሁለቴ የሚለካ ሰው በዓመት 730 ስትሪፕ ይጨርሳል። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የስትሪፑን ዋጋና ሁልጊዜ መገኘቱን ጠይቁ። ያማረ ማሽን ይዞ ስትሪፕ ያጣ ሰው ባዶ እጁን ነው።

ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ አይሶ (ISO) 15197፡2013 የሚል ፈልጉ። ይህ ዓለም አቀፍ መስፈርት ከ100 ልኬቶች 95ቱ፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከእውነተኛው ቁጥር በ15 ፐርሰንት ውስጥ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ስኳሩ ከ100 በታች ሲሆን ደግሞ ልዩነቱ ከ15 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። እስቲ እናስላው። እውነተኛ ስኳራችሁ 126 ከሆነ፣ መስፈርቱን ያሟላ ማሽን 107 ወይም 145 ቢያሳያችሁ አልተበላሸም። ለዚህ ነው ማንም ሐኪም በዚህ ማሽን ብቻ ስኳር አለ ወይም የለም የማይለው። መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን፣ በተለይ ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ ይህ ማሽን ሕይወት አድን ነው። ስኳሩ መውረዱን በሰከንዶች ውስጥ ያውቃል።

አሃዱንም እዩ። አንዳንዱ ማሽን በሚሊሞል ያነባል። 7 ቢላችሁ በ18 አባዙት፤ 126 ይመጣል። የስትሪፑን ዕቃ ክዳን ወዲያው ግጠሙ፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ጊዜም የተወሰነ ስለሆነ የከፈታችሁበትን ቀን ዕቃው ላይ ጻፉበት። ከባድ ደም ማነስ ያለበት ሰው በብዙ ማሽኖች ላይ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያይ እንደሚችልም ይወቅ።

«ሳላይ ምን ይፈጠራል?» ላለ ሰው፦ ሴንሰሩ

ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው መሣሪያ ለሦስት ቀን ያህል ይመዘግብና ውጤቱን በኋላ ሐኪም ነበር የሚያነበው። የለበሰው ሰው ምንም አያይም። ዛሬ ክንድ ላይ የሚለጠፈው ሴንሰር እንደ ክር የቀጠነ ነገር ከቆዳ ሥር አስገብቶ በየጥቂት ደቂቃው ስልክ ላይ ይጽፋል። ብዙዎቹ እንደየዓይነታቸው ከ10 እስከ 15 ቀን ይቆያሉ።

ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው፣ በተለይ ሌሊት ስኳሩ ለሚወርድበት፣ አቅም ካለ ምንም አላወዳድርም፤ ይህን ይግዛ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን እየወጣ ነው ወይስ እየወረደ ያለውን በቀስት ያሳያል። ማንቂያ ያለው ደግሞ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ማንቂያ እንዳለው ግን አረጋግጡ። የዴክስኮም ስቴሎ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ የተፈቀደ የመጀመሪያው ሴንሰር ነው። የተሠራው ኢንሱሊን ለማይወስዱ አዋቂዎች ነው፤ የስኳር መውረድን የሚያስጠነቅቅ ማንቂያ የለውም። ስኳሩ የሚወድቅበት ሰው ይህንን ቢገዛ የተሳሳተ ዕቃ ገዛ።

ሴንሰሩ የሚለካው ደምን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ከደሙ በደቂቃዎች ይዘገያል። ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ከጣቱ ጋር አይገጥምም። ክንዳችሁን ተጭናችሁት ብትተኙ የውሸት ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጣል። ብዙ ቪታሚን ሲ መውሰድም አንዳንዶቹን ያሳስታል። ምልክቱና ቁጥሩ ካልተስማሙ ጣት መውጋት ነው።

ጤናማ ሰውስ? እዚህ ላይ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። ስኳር እንዳለበት ለማወቅ ብሎ ሴንሰር የሚገዛ ሰው ከመጨረሻው ገጽ ነው የጀመረው። ሴንሰሩን ብቻ አይቶ «ስኳር ነው» ለማለት የተስማሙበት መለኪያ የለም። ጤናማ ሰውም ከምግብ በኋላ ለአጭር ጊዜ ከ140 ሊያልፍ ይችላል። ያንን ሲያይ ተጨንቆ ምግብ የሚተው ሰው አይቻለሁ። አንድ የኤ ዋን ሲ ምርመራ ያንን ሁሉ ጭንቀት ባስቀረለት ነበር።

ቆዳ ሳይነኩ ስኳር እንለካለን የሚሉትን ሰዓቶችና ቀለበቶች ደግሞ አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በይፋ ሲያስጠነቅቅ፣ በራሱ እንዲህ የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት አልፈቀደም ነበር። ከተለጠፈ ሴንሰር ቁጥር ተቀብሎ የሚያሳይ ሰዓት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ችግር የለበትም።

እና የቱን ልግዛ?

ምልክት የሌላችሁ ከሆነ ዕቃ አትግዙ፤ የላብራቶሪ ምርመራ ግዙ። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ከ35 ዓመት ጀምሮ ሁሉም ሰው እንዲመረመር፣ ውጤቱ ጤናማ ከሆነም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲደግም ይመክራል። ወፍራም የሆነ፣ ወላጁ ወይም ወንድሙ ስኳር ያለበት ሰው 35ን አይጠብቅም። ቅድመ ስኳር ያለበት በየዓመቱ ነው።

ቅድመ ስኳር ከተባላችሁ ርካሽ የጣት ማሽንና ጥቂት ስትሪፕ ይበቃል። ከምግብ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለክታችሁ የትኛው ምግብ እንደሚያስቸግራችሁ ታያላችሁ። ሴንሰር መሞከር ለሚፈልግ አንድ ዙር፣ ማለትም ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ብዙ ያስተምራል። በየወሩ መግዛቱ ግን ለዚህ ሰው የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ውሃ የሚጠማ፣ ሽንት የሚያመላልሰውና የሚከሳ ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ዘግታችሁ ዛሬውኑ ውሰዱት። ልጅ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ። አንደኛው ዓይነት ስኳር ልጅ ላይ በፍጥነት ይከፋል።

አጎቴን ሁለት ሳምንት ለምኜ ላብራቶሪ ወሰድኳቸው። ኤ ዋን ሲያቸው 6.1 መጣ። በባዶ ሆድ ደግሞ 113። ቅድመ ስኳር። ያን ማታ ያየነው 118 ምንም አልነገረንም ነበር። አሁን ማሽኑ ከመሳቢያ ወጥቷል። ጠዋት ከእግር ጉዞ ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃቸዋል። አጠገቡ ሳሙናና ፎጣ አለ። ስትሪፑ ዕቃ ላይ የተከፈተበት ቀን በእስክርቢቶ ተጽፎበታል፣ በእሳቸው የእጅ ጽሑፍ።