ኮምቦልቻ ሳይክል የምታስጠግኑ ይሄን ልጅ እወቁት

ሰላም የወሎ ልጆች፣ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ ኮርሳ (የእሽቅድምድም ሳይክል) የምትነዱ። ዛሬ አንድ ወንድማችንን ላመሰግን ነው። ስሜን አትጻፈው ስላለኝ ነው እንጂ በትልቁ ነበር የምጽፈው። ኮምቦልቻ ቦርከና ድልድዩ አካባቢ ሸራ ወጥሮ ሳይክል የሚጠግነው ልጅ ነው፣ አሮጌ ቸርኬዎች ፊት ለፊቱ ሰቅሏል፣ አታጡትም።

የኋላ ጎማዬ በሁለት ሳምንት አራቴ ተነፈሰብኝ። ሁለቴ ባቲ መንገድ ላይ፣ አንዴ ሐረጎ ዳገት ላይ፣ አንዴ ደሞ እቤት ቆሞ አድሮ ጠዋት ተኝቶ አገኘሁት። ሌላ ቦታ ስወስደው ካላማዳሪ (ንፋስ የሚይዘውን የውስጡን ጎማ) ብቻ እየቀየሩ ሲያስከፍሉኝ ቆይተው በመጨረሻ ኮፐርቶኑ (የውጭው ጎማ) አልቋል አዲስ ግዛ አሉኝ።

ይሄ ልጅ ግን ምንም ሳይሸጥልኝ ካላማዳሪውን ነፍቶ ውሃ ውስጥ ነከረና አረፋ የሚወጣበትን አገኘ፣ ከዛ ቀዳዳው ከቫልቩ ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ለካና ኮፐርቶኑ ላይ በግራም በቀኝም በዛው ልክ ፈለገ። ጥጥ ይዞ ውስጡን ቀስ እያለ ሲጠርግ ጥጡ አንድ ቦታ ያዝ አደረገው። በጉጠት ሲስባት የግራር እሾህ ጫፍ፣ ወላሂ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ብትበልጥ ነው! ከውጭ አትታይም፣ ጎማው ሲጫነው ብቅ እያለች ነው ለካ አራት ካላማዳሪ የጨረሰችብኝ።

እኔ ደሞ ጎማ ሲጠነክር ይፈጥናል ብዬ 25 ሚሊ ስፋት ያላትን ጎማዬን 120 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነበር የምነፋት። ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ፣ ጎማው መሬት የነካበት ቦታ እየተጨፈለቀ ይመለሳል፣ ሲመለስ ግን የወሰደውን ጉልበት በሙሉ አይሰጥህም፣ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፣ ለስላሳ አስፋልት ላይ አጠንክሮ መንፋት ይሄን ይቀንሳል፣ በኛ ሸካራ መንገድ ግን የጠነከረ ጎማ ይዘላል፣ በዘለለ ቁጥር አንተንም ሳይክሉንም ሲያነሳ ጉልበትህ እዛ ይቀራል አለኝ። እኔ 68 ኪሎ ነኝ፣ 28 ጎማ በ75 አድርግ አለኝ። በጣም አታውርደው ደሞ፣ ጉድጓድ ስትመታ ቸርኬው ካላማዳሪውን ይነክሰዋል፣ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየህ የንፋስ ማነስ ነው እንጂ እሾህ አይምሰልህ።

ከጊዜ በኋላ ኮፐርቶን ስቀይርም ከስሩ መከላከያ ጨርቅ ያለውን ለኋላ ብቻ አሰረልኝ፣ ክብደቱ እዛ ስለሆነ ብዙ የሚበሳው የኋላው ነው፣ ፊቱ ቀላል ይሁን አለ። ጨርቅ ያለው ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ሐረጎን ስትወጣ የሚጎትትህ ኪሎህ ነው፣ የጎማው ልዩነት እዛ ላይ አይታወቅም። ረጅም የግራር እሾህ ቀጥ ብሎ ከገባ ይሄንንም ይበሳዋል ብሎ እውነቱን ነገረኝ፣ ሌላ ቢሆን ይምልልኝ ነበር።

የዛን ቀን የወሰደው የአንድ ቀዳዳ መለጠፊያ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሆነኝ፣ በየሳምንቱ ደሴ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አንዴም አልተነፈሰም።

ወንድሜ ጀዛከላህ ኸይር፣ እጅህ ይባረክ። የምትሄዱ ካላችሁ አርብ ከጁምዓ መልስ ነው የሚከፍተው፣ የወጣውን ካላማዳሪ አትጣሉት፣ ይዛችሁለት ሂዱ፣ ቀዳዳውን ማየት ይፈልጋል።